ቡሬ ላይ የተፈተንኩት የንድፍ ፈተና

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሲሠራ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። አያልነህ እባላለሁ። የተወለድኩት ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት፣ ያን ጊዜ ወጀት በምትባለው ከተማና በቡሬ መካከል ባለች ትንሽ መንደር ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም አያ ጥሩነህ ናቸው።

አያ ጥሩነህ ቤት ሠሪ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። መሬት ላይ አንድ ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው ዞረው ክብ ሲያወጡ ግን ስሕተት የሚያገኝባቸው ሰው አልነበረም። የመንደራችን ጊዮርጊስም የእጃቸው ሥራ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከቅጽሩ ጥግ፣ ወፍራም ግንብ ያለው ዕቃ ቤት ሠርተውለታል። እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ገመዱን እይዝላቸው ነበር። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ስለቆጠርኩ ደግሞ እሳቸው በቃል የሚነግሩኝን ቤት በከሰል ሣንቃ ላይ እስል ነበር። ያንን ሲያዩ እየሳቁ፣ «ይኸው፣ ሳንሠራው ገባንበት» ይሉኝ ነበር።

ምሽጉ ሲጀመር በየመንደሩ የጉልበት ሠራተኛ ተመለመለ። ጭቃ ሹሙ የእኔንም ስም ሰጠ። ቡሬ ወርጄ እትዬ ዘይነባ ከሚባሉ የጨውና የሻማ ነጋዴ ቤት አንዲት ጥግ ለማደሪያ አገኘሁ። ባለቤታቸው ነጋዴ ስለነበር ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እሳቸው ግን እንደ ልጃቸው ያዙኝ።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ድንጋይ ለመሸከም በግድ የተወሰድኩበትን ያንን ሥራ ወደድኩት። ሲሚንቶ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ውኃ ልክም፣ ቱንቢም ያየሁት እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው ግን ወረቀቱ ነበር። ጂኦሜትራ የሚሉት፣ ቤት የሚነድፍና የሚለካ ጣሊያን ነበር። አንድ ቀን በሳጥን ክዳን ላይ ሰፊ ወረቀት ዘርግቶ አየሁት። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረው ቤት፣ በሩም መስኮቱም ሳይቀር፣ ከላይ እንደ አሞራ ሆነው እንደሚያዩት ተስሎበታል። ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ። አንዱ አስካሪ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደር፣ በሰደፍ ጀርባዬን ባይመታኝ ኖሮ ከዚያ አልንቀሳቀስም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አልፎ ይሆናል፣ የመጋዘኑን መሠረት ሲያወጡ ማዕዘኑ እንዳልገጠመ ታየኝ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ገመድ ወስጄ ከጥግ ጥግ አንዴ፣ ከሌላው ጥግ ጥግ አንዴ ለካሁ። ሁለቱ እኩል ካልመጡ ቤቱ ጠማማ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ አያ ጥሩነህ ናቸው። እኩል አልመጡም። ጂኦሜትራው መጥቶ በራሱ መለኪያ ለካ። ቀና ብሎ አየኝና ተርጓሚውን ጠራ።

ተርጓሚው ተስፋልደት ይባሉ ነበር። ከባሕረ ነጋሽ አገር፣ ከኤርትራ፣ ከጣሊያን ጋር የመጡ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ማን አስተማረህ ይላል» አሉኝ።

«አጎቴ ናቸው።»

«የትኛው ትምህርት ቤት?»

«ትምህርት ቤት የላቸውም። ገመድ ነው ያላቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ መሸከሜ ቀረና የጂኦሜትራው መለኪያ ያዥ ሆንኩ። ምሽጉን አንድ ጥግ ሳይቀር አብሬው ለካሁ። እርሳስ ሰጠኝ። ማስመሪያ አያያዝ አሳየኝ። በስተመጨረሻም አንድ ቅዳሜ ተስፋልደትን አስጠርቶ፣ አዲስ አበባ ለአገሬው ሰው የሚሆን የንድፍ ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ቦታው ጥቂት እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት ተምሬ ነዳፊ ሆኜ ልወጣ እንደምችል ነገረኝ። ፈተናውን እሱ ራሱ ይሰጠኛል። ካለፍኩ በወታደር መኪና ይልከኛል።

እሑድ ለማማከር ወደ መንደር ወጣሁ። በደስታ የት እንደረገጥኩ አላውቅም። አያ ጥሩነህን ያገኘኋቸው ከጊዮርጊስ ዕቃ ቤት በር ላይ ነበር። ሳያናግሩኝ በእጃቸው ጠቅሰው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። እዚያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና ምንጣፍ ከሚቀመጥበት ወለል ላይ፣ ዘጠኝ ቁስለኛ አርበኞች ተኝተዋል። አንዱ እግሩ ከጉልበቱ በታች ጠቁሯል። አንዱን አውቀዋለሁ፤ አብረን ከብት የጠበቅን ያገሬ ልጅ ነው። ዓይኑን ገልጦ አየኝና፣ «አያልነህ፣ ቡሬ እንዴት ነች?» አለኝ። 

ውጭ ወጥተን ዋርካው ሥር ስንቀመጥ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ወረቀት ላይ ሙሉ ቤት ይወጣል ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አዎ አያ። ሠራተኛው ወረቀቱን እያየ ብቻውን ይሠራዋል። ነዳፊው ባይኖርም።»

«ይኼማ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ስሞት የማውቀው ሁሉ አብሮኝ ይቀበራል። ያንተ ሊቀር ነው ማለት ነው።»

«እንግዲያው ልሂድ ይሉኛል?»

 በጣታቸው አፈሩን ሲጭሩ ቆይተው፣ «እኔ አትሂድ አልልህም፤ ሂድም አልልህም። የሚያስተምርህ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስለህ እየው። ከዚያ ወዲያ አንተው ታውቀዋለህ» አሉኝ።

ረቡዕ በሦስት ሰዓት ከጂኦሜትራው ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛ፣ ሦስት ንጹሕ ወረቀት፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ የብረት ማስመሪያ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ተስፋልደት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መጀመሪያ የተወለድኩበትን ቤት አስነደፈኝ። ምሰሶውን፣ ጓዳውን፣ መደቡን፣ የጥጃውን ማሰሪያ ሳይቀር በልኩ አወጣሁት። ጂኦሜትራው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ አንድ ነገር ለተስፋልደት ነገራቸው። ተስፋልደት ወደ መስኮቱ ዞሩ። 

«የመንደርህን ቤተ ክርስቲያን ሳልልኝ ይላል። አጎትህ እንደሠራው ያውቃል። ቅጽሩን፣ ዕቃ ቤቱን፣ የግንቡን ውፍረት፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከጫካው የሚወስዱትን መንገዶች ሁሉ። ዋናው ፈተና ይኼ ነው።»

 ጂኦሜትራው ፈገግ እንዳለ ነው።

ተስፋልደት በዚያው ድምፅ፣ ትርጉሙን የቀጠሉ መስለው፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉኝ፦ «በል እንግዲህ ልጄ፣ ሳልለት። ጌታው በደንብ የተሳለ ነው የሚወዱት።»

እኛ አገር ሰም ለበስ ንግግር ስንሰማ ነው የምናድገው፤ ገባኝ። ሥዕልም ይሳላል፣ ቢላም ይሳላል። ሰውየው እንድስልለት የፈለገው ቢላውን ነበር።

እንዴት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ልኩን ላስታውስ፣ እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ በሏቸው» አልኩ። ጂኦሜትራው ሰዓቱን አየ። ነገ በሦስት ሰዓት እንድመለስ፣ እስከዚያው ከቡሬ እንዳልወጣ አዘዘ።

እትዬ ዘይነባ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሻማ ሲያስሩ ደረስኩ። ፊቴን አይተው፣ «ምነዋ ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብተን ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ዋሽተህ ብትስልለትስ?» አሉ።

«ሄደው ካዩ በኋላ ውሸቱ ይታወቃል፤ አጎቴን ይሰቅሏቸዋል።»

«ብትጠፋስ?»

«የመጣሁበትን መንደር ጽፈውታል። ዛሬውኑ ይሄዳሉ።»

እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። የባለቤታቸው ወንድም አጋሰሶች ጭኖ ወደ ጅጋ ሊነሣ ከግቢው ኋላ ነበር። ሄደው ሲያናግሩት ሰማኋቸው፦ «በመንገድህ አያ ጥሩነህ ዘንድ ጎራ በል። ዘይነባ ጎተራው ሊያፈስ ነውና እህሉን ዛሬ ነገ ሳትሉ አውጡት አለች በላቸው። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»

ሲመለሱ፣ «መልእክቱ ማታ ይደርሳል። ቁስለኛ ግን በሩጫ አይወሰድም። ነገ እስከ ከሰዓት ሰዎቹን ልትይዝልን ትችላለህ?» አሉኝ። «ልትይዝልን» ነው ያሉት። እሳቸው እስላም፣ ቤተ ክርስቲያኑ የኛ፤ ነገሩ ግን የጋራ ሆኖ ነበር።

«እይዛለሁ» አልኩ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ገባሁ። በመስኮቱ ሳይ ግቢው ውስጥ በቅሎዎች እየተጫኑ ነው። አስካሪዎች ጥይት ይከፋፈላሉ። ወረቀቱን እንደሰጠኋቸው ሊነሡ ነው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ያዝኩ። መሐሉን ፈልጌ ነጥብ አደረግኩ። አጠፋሁት። እንደገና አደረግኩ። በአራት ሰዓት አንድ ክብ ብቻ ነበር ያለኝ። በአምስት ሰዓት ሁለት። ጂኦሜትራው እየወጣ እየገባ ከበላዬ ያጎነብሳል። በስድስት ሰዓት ሦስቱ ክቦች አለቁ፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ይህ በጎጃም ምድር ባለ በየደብሩ የሚገኝ ነው፤ ማንም ከእሱ ምንም አያገኝበትም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ «ጥሩ ነው። አሁን ዕቃ ቤቱንና መንገዶቹን» በተስፋልደት በኩል ብሎኝ ለምሳ ሄደ። ጣሊያኖች ምሳ በልተው ጋደም ሳይሉ አይመለሱም። ተስፋልደት በር ላይ ቀሩ።

ሁለተኛውን ወረቀት ሳብኩ። ባዶውን ልተወው ነበር ሐሳቤ። ወረቀቱን ሳየው ግን ንዴት መጣብኝ። እነዚህ ሰዎች የቤታችንን በር ቁጥር፣ የግንባችንን ውፍረት፣ የቁስለኛችንን መኝታ ሊያውቁ ይፈልጋሉ። እኔስ የእነሱን አላውቅም? ወር ሙሉ መለኪያውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም?

ምሽጉን ሣልኩ። የጥይት መጋዘኑን፣ መትረየስ የተጠመደባቸውን አራቱን ማዕዘኖች፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ ሹሞቹ የሚተኙበትን ክፍል፣ በምሥራቅ በኩል ግንቡ ከሲሚንቶ ማነስ የተነሣ የሳሳበትን ቦታ። አንድም ጊዜ አላጠፋሁም። እንደዚያን ቀን ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም። ከዚህ ቤት በሕይወት አልወጣም የሚል ሐሳብ ወደ አእምሮዬ መጥቶ ነበር፤ መስመሩን ግን ቀጠልኩ።

ጂኦሜትራው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሰ። ወረቀቱን አነሣ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሥራው አማረው መሰለኝ። ቀስ በቀስ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«ይህ ምንድን ነው ይላል» አሉ ተስፋልደት።

«የማውቀውን ሳል ብለውኛል። የማውቀው ይህን ነው።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ?»

«እሱን አልስልም።»

ተስፋልደት አልተረጎሙም። ወደ እኔ ዞረው በዝግታ፣ «ልጄ፣ ረሳሁት ይላል ልበላቸው?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። አልረሳሁትም። እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ። እያወቅኩ አልስልም ነው የምለው። እንዳልኩት ይንገሩልኝ።»

ነገሩት።

ወታደር ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠራም። ሄዶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ክብሪት ጫረና ወረቀቱን አቃጠለው፤ አመዱን በጫማው ረገጠው። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሳስበው ነው፣ ያንን ወረቀት ለአለቆቹ ቢያሳይ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህን አገሬ መለኪያ አስይዞ ምሽጉን ሁሉ ያዞረው ማነው የሚል ነበር። እኔን ካሰቀለ ራሱም አይተርፍም።

ከዚያ ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ እንድዘረጋ አዘዘ።  ዘረጋሁ። የብረት ማስመሪያውን በጠርዙ አንሥቶ ጣቶቼ ላይ አወረደው። ደገመው። ሁለቱ ጣቶቼ ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁት። አልጮህኩም አልልም፤ ጮኼያለሁ። ግን አልስልም ያልኩትን አልመለስኩትም።

«ከእንግዲህ እርሳስ እንዳትይዝ ነው ይላል» አሉ ተስፋልደት።

ግራ እጄን አሳየሁት። ይህኛው ትርጉም አላስፈለገውም።

በር ተከፈተና ተስፋልደት እስከ ግቢው መውጫ ሸኙኝ። «አትሩጥ። ሥራ ጨርሶ እንደሚወጣ ሰው ሁን» አሉኝ። በበቅሎዎቹ መካከል አለፍን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆሙና ሳያዩኝ፣ «እኔንም በወጣትነቴ እንዲህ ፈትነውኝ ነበር። እኔ አለፍኩ» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

በማግሥቱ ማለዳ መንደር ስደርስ ዕቃ ቤቱ ባዶ ነበር። ቁስለኞቹ በቃሬዛ ተይዘው ከላህ ወንዝ ማዶ ተሻግረዋል። አንዱ፣ እግሩ የጠቆረው፣ መንገድ ላይ ሞቷል። ስምንቱ ተርፈዋል። ጣሊያን ያለ ካርታም ቅዳሜ መጣ። ባዶውን ቢያገኘው የጊዮርጊስን ክዳን አቃጠለ። እኛ ቆላ ወርደን ከጫካ ሆነን ጭሱን አየነው። አያ ጥሩነህ አለቀሱ። ወጌሻ ያሰረልኝን እጄን እያዩ ግን ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

እኔስ? ለጣቶቼ አላለቀስኩም። ለትምህርት ቤቱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰው በሌለበት አልቅሻለሁ። ወረቀት ላይ ሙሉ ቤት የሚወጣበትን ያንን ጥበብ ዳግም የማላገኘው መስሎኝ ነበር። እምቢ ማለቴ ትክክል እንደነበር ለአንድ ቀንም አልተጠራጠርኩም፤ ያም ሆኖ አመመኝ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

ጣሊያን ለቆ ሲወጣ ከአያ ጥሩነህ ጋር ጊዮርጊስን እንደገና ሠራነው። ሦስት ዓመት ፈጀብን። እሳቸው እየተናገሩ እኔ በግራ እጄ ሣልኩ። መጀመሪያ መስመሬ እንደ ጥንቸል መንገድ ይጠማዘዝ ነበር፤ ቤቱ ሲያልቅ ግን ቀንቶ ነበር።

ዛሬ ልጆች ወረቀት ይዘው ይመጡና፣ አርክቴክቸር ልማር ነው፣ የቤት ውስጥ ንድፍ ልማር ነው፣ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል ይሉኛል። ሕንፃው ትልቅ ነው፣ ስሙ የታወቀ ነው፣ ውጭ አገር ይልካል ይሉኛል። እናንተም ስታነቡ ይህን እያሰባችሁ ይሆናል። ባዕድ የሚያስተምረውን ተዉ አልላችሁም። ውኃ ልክ አያያዝ ያሳየኝ ያ ሰው ነው፤ ያሳየኝን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ፣ ላመሰግነው ግን አልችልም። ለመግባት ስትሉ ምን እንደምትሰጡ ብቻ እወቁ። የሚጠየቀው ዕውቀታችሁ ከሆነ ስጡ። የሰው ነፍስ ከሆነ ግን፣ ዓይናችሁን ሳትሰብሩ፣ ረሳሁት ሳትሉ፣ አልስልም በሉ። ጣት ይሰበር ይሆናል። እኔ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ቤቶች ሁሉ የበለጠ የምኮራው በዚያች አንዲት ቃል ነው።

ዕድሜዬ ሠላሳን ካለፈ በኋላ መንግሥት የግንባታ ሙያ ትምህርት ቤት እንደከፈተ ሰማሁና አዲስ አበባ ሄድኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። መዝጋቢው መምህር ቀና ብሎ፣ «አባት፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?» አለኝ።

«ራሴን ነው» አልኩት። «አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጀመሪያ የምታስነድፉን ምንድን ነው?»

ከጎኑ ያሉት ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ጠማማ ጣቶቼን አየ፣ ከዚያ ፊቴን።

«የገጠር ትምህርት ቤት» አለኝ። «አራት ክፍል፣ ብዙ መስኮት ያለው።»

በግራ እጄ ፈረምኩ።